የደመራው ጭስና የወንድሜ ሲኒ

ሸጎሌን ለማታውቁት፣ ሰፈራችን ከአዲሱ ገበያ ወደ ዊንጌት በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። አሁን አሁን ብዙ ሰው የሚያውቀን በአውቶቡስ ዴፖው ነው። ከጀርባችን እንጦጦ አለ። ከተራራው ሥር ስለሆንን ዝናቡ ከሌላው ሰፈር ቀድሞ ይመጣብናል፣ ዘግይቶም ይሄዳል። ዘመዶቻችን ከቦሌ ደውለው “ፀሐይ ነው” ሲሉን እኛ ጋ ቆርቆሮው በዝናብ ይደበደባል። ጠዋት ደግሞ ፀሐይዋ ሳትሞቅ፣ እንጀራ የሚጋገርበት የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ ከጣራ ብዙም ከፍ ሳይል ጎድጓዳው ላይ ተኝቶ ይቆያል። ሦስት ሰዓት ገደማ ምድር ስትሞቅ ነው ተነሥቶ የሚሄደው። በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት ይህን ጭስ የማውቀው በሚያስላቸው እናቶችና ሕፃናት ነበር። ዘንድሮ ግን ሌላ ነገር አስታወሰኝ።

የመስቀል ማግስት እሑድ ነበር፣ መስከረም 18 ቀን 2018 ዓ.ም.። ታናሽ ወንድሜ “እንኳን አደረሳችሁ” ሊለን ከቃሊቲ ድረስ መጣ። ዕድሜው 62 ነው። ቡናው እስኪደርስ እግራችንን እናፍታታ ብለን ከልጅ ልጄ ጋር ሦስት ሆነን ወጣን። ልጅቷ 13 ዓመቷ ነው፣ መጠየቅ አይሰለቻትም።

ከቤታችን ዝቅ ብሎ ካለው መታጠፊያ ላይ የሰፈሩ ደመራ የተለኮሰበት አመድ ገና አልተጠረገም ነበር። ያን ሰሞን በየታክሲው የሚወራው፣ ኢትዮጵያና ሩሲያ ሞስኮ ላይ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የሥራ ዕቅድ ሰነድ መፈራረማቸው ነበር። ልጅቷም ሰምታለች። አመዱ አጠገብ ቆም አለችና፣

“ጋሼ፣ እንደ ቼርኖቤል ቢፈነዳ እኛ ጋ ይደርሳል?” አለችው።

እሱን የጠየቀችው ያለ ምክንያት አይደለም። ወንድሜ በዚያን ጊዜ ኪየቭ ውስጥ የምሕንድስና ተማሪ ነበር። በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ከተላኩት በሺዎች ከሚቆጠሩ የአገራችን ልጆች አንዱ ነው። እኔ የልጅቷን ጥያቄ ስሰማ ሆዴ ተላወሰ። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ወንድሜ በዱላው አመዱን ነካ ነካ አደረገና እንዲህ አላት። “ዓርብ ማታ ይኼ ሲነድ አይተሻል። ጭሱ የት ሄደ?”

“ወደ አስኮ።”

“አመዱስ?”

“እዚሁ ቀረ።”

“ፍንጣሪውስ?”

“ትንሽ ትንሽ ራቅ ብሎ ወደቀ። የጎረቤታችንን ነጠላ አቃጠለ።”

“በቃ፣ ግማሹን አወቅሽው” አላት።

እኔም ለአንባቢዎቼ ነገሩን በዚሁ በደመራው መንገድ ልንገራችሁ። ሪአክተር ውስጥ ዩራኒየም ሲሰነጠቅ ሙቀት ይሰጣል፤ በዚያ ሙቀት ውሃ ይፈላል፣ እንፋሎቱም ኤሌክትሪክ ያመነጫል። የተሰነጠቀው ዩራኒየም ግን አይጠፋም። ስባሪዎቹ አዮዲን፣ ሲዚየም፣ ስትሮንሽየም፣ ዜኖን የሚባሉ ሌሎች ንጥረ ነገሮች ሆነው እዚያው ነዳጁ ውስጥ ይከማቻሉ። እነዚህ ስባሪዎች ጨረራ ያመነጫሉ። ሪአክተሩ ከጠፋም በኋላ እንደ ፍም መጋላቸውን አያቆሙም። ስለዚህ ማሽኑ ቢቆምም ውሃ ለቀናትና ለሳምንታት ሊያቀዘቅዛቸው ይገባል። ውሃው ከተቋረጠ ነዳጁ ይግላል፣ የለበሰው የብረት ሽፋን ይቀደዳል፣ በመጨረሻም ነዳጁ ራሱ ይቀልጣል።

የሚወጡትም እንደ ደመራው በየተራ ነው። ዜኖንን የመሰሉ ጋዞች ቀድመው ያመልጣሉ፤ ከማንም ጋር ስለማይዋሃዱ በአየር ተበትነው ይሄዳሉ። ቀጥሎ በሙቀት የሚተኑት አዮዲንና ሲዚየም ይወጣሉ። እነዚህ ከሕንፃው ሲወጡ ይቀዘቅዙና በዓይን ከማይታይ ብናኝ ጋር ተጣብቀው ነፋስ በወሰዳቸው ይጓዛሉ። ስትሮንሽየምና ፕሉቶኒየም በቀላሉ የሚተኑ አይደሉም፤ አብዛኛውን ጊዜ እንደ አመዱ እሳቱ አጠገብ ይቀራሉ። ቼርኖቤል ላይ በሪአክተሩ ውስጥ ከነበረው ዜኖን በሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ፣ ከአዮዲኑ ግማሽ ያህሉ፣ ከሲዚየሙ ሲሶ ገደማ ወጥቷል። ከስትሮንሽየሙ ግን የወጣው ከመቶ ጥቂት እጅ ነበር።

አደጋው የደረሰው ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ላይ ነው። ቅዳሜ ነበር፣ የሆሳዕና ዋዜማ። አራተኛው ሪአክተር ላይ ሙከራ ሲደረግ ኃይሉ በድንገት ናረና ፈነዳ። ክዳኑ ተገነጠለ፣ ጣራው ተከፈተ፣ እሳቱም አሥር ቀን ያህል ሳይቆም ብናኝ ሲተፋ ሰነበተ። አጠገቡ ያለችው ፕሪፕያት ከተማ ወደ 49,000 ሰው ነበራት፤ ሕዝቡ በአውቶቡስ የወጣው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው።

“እኛ ኪየቭ ነን” አለ ወንድሜ። “ከዚያ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብንርቅ ነው። ምንም የነገረን የለም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነፋሱ ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን ነበር የሚነፍሰው። አየሽ፣ እኛ ቅርቦቹ ሳናውቅ ስዊድኖች ቀድመው አወቁ።”

እውነቱን ነው። ሚያዝያ 20 ሰኞ ጠዋት፣ ከቼርኖቤል ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በሚርቀው የስዊድኑ ፎርስማርክ የኑክሌር ጣቢያ የአንድ ሠራተኛ ጫማ ላይ ጨረራ ተገኘ። መጀመሪያ የራሳቸው ጣቢያ ያፈሰሰ መስሏቸው ተደናግጠው ነበር። ዘግየት ብለው ሲመረምሩ ግን ነፋሱ ያመጣው መሆኑን አወቁ። የሞስኮ ቴሌቪዥን አጭር መግለጫ ያነበበው በዚያው ቀን ማታ ነው።

ከዚያ ነፋሱ ዞረ። ሚያዝያ 22 ገደማ ወደ ደቡብ፣ ወደ ኪየቭ አቅጣጫ መንፈስ ጀመረ። በማግስቱ ሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን ነበር። ለእኛ ጸሎተ ሐሙስ ነው። እናታችን እዚህ ሸጎሌ ጉልባን ስትቀቅል፣ ኪየቭ ውስጥ ሕፃናት አበባና ባንዲራ ይዘው በክሬሽቻቲክ ጎዳና ላይ ይሰለፉ ነበር።

“እኔም ወጥቼ አይቻለሁ” አለ ወንድሜ። “ደስ የሚል ፀሐያማ ቀን ነበር። አይሸትም፣ አይታይም፣ አያቃጥልም። ከፋሲካ በኋላ ነው መንገዱን በውሃ ቦቴ ጠዋትና ማታ ማጠብ የጀመሩት። መስኮት ዝጉ፣ ጫማችሁን ደጅ አውልቁ፣ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ፣ የገበያ ወተትና ቅጠላ ቅጠል አትብሉ ተባልን። ተማሪው ደግሞ ቀይ ወይን ጠጅ መድኃኒት ነው ብሎ ያወራ ነበር። መቼም ሰበብ አይጠፋም።”

እንዲህ እየተጫወትን ወደ ላይ፣ ወደ ተራራው አቅጣጫ ስንወጣ ከባሕር ዛፉ በላይ ደመና ተሰበሰበ። ወዲያው ዶፍ ወረደብንና አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠለልን። ቁልቁል ስናይ ግን ዊንጌት አካባቢ ፀሐይ ነበር። ልጅቷ ሳቀች፤ ወንድሜ ግን “ይኸውልሽ፣ ዋናው ነገር ይኼ ነው” አላት።

እኔም በሥራ ላይ ሥልጠና ከተማርኩት በላይ የገባኝ በዚያች በረንዳ ላይ ነው። በነፋስ የሚጓዝ ብናኝ ዝናብ ካላገኘው ብዙውን ጊዜ ከላይ ያልፋል፤ ጥቂቱ ብቻ ይወርዳል። ዝናብ ካገኘው ግን ጠብታው አጥቦ መሬት ላይ ይጥለዋል። ስለዚህ ብናኙ የሚያርፈው እንደ ወንፊት ዱቄት እኩል ሆኖ አይደለም። አንድ ወረዳ ሲመታ ጎረቤቱ ይድናል። ስዊድን ውስጥ ዬቭሌ የተባለች ከተማ አካባቢ በዚያ ሰሞን ስለዘነበ፣ ለቼርኖቤል ከእርሷ ከሚቀርቡ ብዙ ቦታዎች የበለጠ ሲዚየም ወርዶባታል። በጃፓኗ ፉኩሺማም በመጋቢት 2003 ዓ.ም. እንዲሁ ሆነ። አብዛኛውን ብናኝ ነፋስ ወደ ውቅያኖስ ወሰደው። በአንድ ቀን ግን ነፋሱ ወደ ሰሜን ምዕራብ ዞረ፣ ዝናብና በረዶም ገጠመው። ከጣቢያው ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቀው የኢታቴ መንደር በዚህ ምክንያት ክፉኛ ተበከለች፣ ነዋሪዎቿም ቤታቸውን ለቀው ወጡ። በካርታ ላይ ክብ አስምሮ “ከዚህ ውጭ ያለው ደህና ነው” ማለት የማይቻለው ለዚህ ነው። ነፋሱንና ዝናቡን መለካት፣ የተለካውንም ለሕዝብ ወዲያው መንገር ያስፈልጋል።

ዝናቡ ሲያባራ ቁልቁል ወረድን። በመንገዳችን ላይ የወተት ላሞች ያሏቸው አንዲት ጎረቤቴ አሉ። ከወንዙ ዳር ደግሞ ጎመን የሚያለሙ አሉ። ብናኙ መሬት ከወረደ በኋላ ወደ ሰው የሚገባው በዚህ በኩል ነው። አዮዲን 131 ሣር ላይ ያርፋል። ላሟ ቀኑን ሙሉ ሰፊ ሣር ትግጣለች፤ በሰፊው መስክ ላይ የተበተነው በወተቷ ይጠራቀማል። ወተቱን የሚጠጣው ሕፃን ነው። ሰውነታችን አዮዲንን የሚፈልገው አንገት ላይ ላለችው የታይሮይድ ዕጢ ስለሆነ እዚያ ይሰበሰባል። የሕፃን ዕጢ ደግሞ ትንሽ ናት፤ ያው መጠን ሲገባባት ጉዳቱ ይበረታል። በዩክሬን፣ በቤላሩስና በሩሲያ በዚያን ጊዜ ልጆች ከነበሩት መካከል እስከ 1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ድረስ ወደ 5,000 የሚጠጉ የታይሮይድ ካንሰር ሕመምተኞች ተገኝተዋል። በአብዛኛው ምክንያቱ ያ ወተት ነው። ደግነቱ በጊዜ ሲታከም የሚድን ካንሰር በመሆኑ ብዙዎቹ ተርፈዋል። ቢሆንም ለጥቂት ሳምንት “ወተት አታጠጡ” ቢባል ኖሮ አብዛኛው ይቀር ነበር። የኔን ሆድ የሚያቃጥለኝ ይኼ ነው። መድኃኒቱ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ።

ወንድሜ ትምህርቱን ጨርሶ የመጣው በ1981 ዓ.ም. ነው። የውጭ ሬዲዮ የሚሰሙ ጎረቤቶች የአደጋውን ወሬ በጊዜው ነግረውን ስለነበር እናታችን ሦስት ዓመት ሙሉ ስትሳል ኖራለች። ሲመጣ ሰፈሩ በእልልታ ተቀበለው። ከዚያ ግን ሹክሹክታ መጣ፤ “ጨረር ነክቶታል፣ ይተላለፋል” ተባለ። እናቴ የነገሩ ስም እንኳን አይገባትም ነበር። እኔ ግን ዲፕሎማ ያለኝ ነርስ ነኝ። ሰው የሚያየው እኔን ነው። እኔም ጠርዙ ሸረፍ ያለ ሲኒ ለየሁለትና ከሌላው ጋር እንዳይታጠብ አደረግኩ። የአንድ ዓመት ልጅ ነበረችኝ፣ የዛሬዋ የልጅ ልጄ እናት። ሊያቅፋት ሲነሣ “ልታጠባ ነው”፣ “እንቅልፏ መጥቷል” እያልኩ እወስድበት ነበር። ወራት እንዲህ አለፉ። ወንድሜ አንድ ቀን እንኳን ምንም አላለም።

ከዓመታት በኋላ የአገራችን የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን ከተቋቋመ ወዲህ፣ በአንድ የሥራ ላይ ሥልጠና ተቀምጬ ባለሙያው ሲያስረዳ ላብ አጠመቀኝ። ጨረራ እንደ ጉንፋን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ጨረራ ያረፈበት ሰው ራሱ ጨረራ አመንጪ አይሆንም። ብናኙ ልብስና ቆዳ ላይ ካለ ልብስ አውልቆ በሳሙና መታጠብ አብዛኛውን ያስወግደዋል። ወደ ውስጥ የገባውም ዕድሜ አለው። አዮዲን 131 በየስምንት ቀኑ ግማሹ ይጠፋል፤ በ80 ቀን ከሺህ አንድ እጅ ብቻ ነው የሚቀረው። ሲዚየም 137 አፈር ላይ በ30 ዓመት ግማሹ ብቻ ነው የሚጠፋው። ከአዋቂ ሰው ሰውነት ግን በሦስት ወር ገደማ ግማሹ በሽንትና በሌላው መንገድ ይወጣል። ወንድሜ ደግሞ የመጣው ከአደጋው ሦስት ዓመት በኋላ ነው። ከሲኒው ጋር ሊጋባ የሚችል አንዳች ነገር አልነበረም። ነፋሱ ያላመጣውን ነገር እኔ አለማወቄ አመጣው።

ከሱቁ ስንመለስ ጨው እንድንገዛ ቤት አደራ ተብለን ነበር። ልጅቷ ፓኬቱን አገላብጣ “አዮዲን ያለው” የሚለውን አነበበችና “ይኼ ያው አዮዲን ነው?” አለችኝ። ጥሩ ጠየቀች። በጨዉ ውስጥ ያለው ጨረራ የሌለው፣ ሰውነታችን የሚፈልገው አዮዲን ነው። የታይሮይድ ዕጢ ግን ሁለቱን ለይታ አታውቅም፤ የተራበች ዕጢ ያገኘችውን ትወስዳለች። ምግባቸው አዮዲን ያጠረው ሕዝቦች ለአዮዲን 131 ይበልጥ የተጋለጡ የሚሆኑት ለዚህ ነው። ቼርኖቤል አካባቢም አንዳንዱ ወረዳ አዮዲን የሚያጥረው ነበር። አባቶቻችን “በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ” የሚሉት ይኼን ነው።

ለእኛ ደግሞ ይህ ተረት ብቻ አይደለም። ከሸጎሌ ወደ ከተማ ስንወርድ ከጳውሎስ ሆስፒታል ወዲያ “ፓስተር” የምንለው ግቢ አለ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይባላል። የዚህ ተቋም ባለሙያዎች በ1990ዎቹ መጨረሻ ባደረጉት አገር አቀፍ ጥናት፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉ ልጆች ከ100ው 40 ያህሉ እንቅርት ተገኝቶባቸዋል። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ የወጣው ከዚያ በኋላ በ2003 ዓ.ም. ነው። እናታችንም እንቅርት ነበረባት፤ በነጠላዋ ጫፍ ስትሸፍነው አድጌያለሁ። እናቶች ሆይ፣ አዮዲን ያለውን ጨው ግዙ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት ጠብቃችሁ በተከደነ ዕቃ አስቀምጡ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩ።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ። ጨው ለኑክሌር አደጋ መድኃኒት አይሆንም። በአደጋ ጊዜ የሚሰጠው መጠኑ ከፍ ያለ የፖታሺየም አዮዳይድ እንክብል ነው። ሥራውም ዕጢዋን ቀድሞ ማጥገብ ነው፤ ስትጠግብ መጥፎውን አትቀበልም። ፖላንድ ከአደጋው ሦስት ቀን በኋላ ጀምራ ከ10 ሚሊዮን በላይ ለሚሆኑ ልጆች ፈሳሽ አዮዲን አጠጥታለች፣ ወተቱንም ተቆጣጥራለች። የሚጠቅመው ግን ብናኙ ሊደርስ ሲል ወይም በደረሰ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ፣ ባለሙያ ሲያዝ ብቻ ነው። ከሲዚየምና ከሌሎቹ አያድንም። በዚያን ጊዜ በድንጋጤ ቁስል የሚቀባውን አዮዲን ጠጥተው ጉሮሯቸውን ያቃጠሉ ነበሩ። እንዳታደርጉት።

የልጅቷን የመጀመሪያ ጥያቄ ወንድሜ ቤት ልንደርስ ስንል ነው የመለሰላት። “ሁሉም ሪአክተር እንደ ቼርኖቤል አይደለም” አላት። በ1971 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ በስሪ ማይል አይላንድ ከነዳጁ ግማሽ ያህሉ ቀልጦ ነበር። በወፍራም ኮንክሪት የተሠራው ሕንፃ ግን አዮዲኑንና ሲዚየሙን ከሞላ ጎደል ይዞ አስቀረ። ቼርኖቤል እንዲህ ያለ ሕንፃ አልነበረውም። ፉኩሺማ ነበረው፤ ሱናሚው የማቀዝቀዣውን ኤሌክትሪክ ቆርጦበት ሙቀቱና ግፊቱ ሲበረታ ግን አላስቻለውም። “ስለዚህ የእኛ ሲሠራ ጠይቂ። ሕንፃው ይችላል ወይ? ኤሌክትሪክ ቢጠፋ ውሃው በምን ይገፋል? ነፋሱን የሚለካ አለ ወይ? ደግሞ ከሁሉ በፊት፣ አንድ ነገር ቢደርስ በዚያው ሰዓት ይነገረናል ወይ?”

ቤት ስንገባ ቡናው ፈልቷል። ሲኒዎቹ ሲደረደሩ ዓይኔ ረከቦቱ ላይ ተተከለ። ስንት ዓመት የያዝኩትን ነገር ያን ቀን ተነፈስኩት። “ያኔ ሲኒህን ለይቼብህ ነበር” አልኩት። “ይቅር በለኝ።”

“አውቅ ነበር፣ እትዬ” አለኝ። “ሲኒው አላስከፋኝም። ኪየቭም ሆነን እርስ በርስ እንፈራራ ነበር። የከፋኝ ሕፃኗን ከእጄ ስትወስጂብኝ ነው።”

ያቺ ሕፃን፣ የዛሬዋ የ38 ዓመት ሴት፣ ቡናውን እየቀዳች ነበር። ቀና ብላ አየችን፣ ምንም አልጠየቀችም። የመጀመሪያውን ሲኒ አንሥታ ለአጎቷ ሰጠችው።